አጭሩ ስኪ ይበቃል

ሰሞኑን ሚኒሶታ የገባ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ስኖውሹ በርካሽ እያለ በዚህ ድንክ ስኪ ለምን ይደክማሉ?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሴ ግን ይረዝማል።

ስኖውሹ፣ ያ ከጫማ ሥር የሚታሰረው ሰፊ የበረዶ መርገጫ፣ አይሠራም አልልም። ሰውን በልስልስ በረዶ ላይ ይሸከማል፣ ዳገትም ይቧጥጣል። ግን በስኖውሹ የሚሄድ ሰው እግሩን አንሥቶ ካስቀመጠበት ጣት ታህል አይገፋም፤ ቁልቁለቱንም እንደ ዳገቱ ይለፋበታል። አጭሩ ስኪ በየእርምጃው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ ትርፉ ስንዝር ቢሆን ነው። ያች ስንዝር ግን ቀኑን ሙሉ ስትጠራቀም አንድ ሐይቅ ታሻግራለች።

ብልሃቱ የቆየ ነው። በእስያ አልታይ ተራሮች የቱቫ አዳኞች ሰፊ ስኪ ከእንጨት ጠርበው ሥሩን በፈረስ ቆዳ ይለብጡታል። ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ይይዛል። ስኪ ሠሪዎቹ ኒልስ ላርሰንና ፍራንስዋ ሲልቫን ከዚያ ተነሥተው ሆክ የተባለውን ስኪ አወጡ፤ 125 ወይም 145 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወገቡ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ከሥሩም የማይነቀል ጸጉራም ልባስ አለው።

የረዥም ስኪ ወዳጆቼ የሚነቅፉት ይህንኑ ልባስ ነው። «ቁልቁለት ላይ ይይዝሃል፤ የሚነቀለውን ለጥፈህ ውጣ፣ ነቅለህ ውረድ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እንዲይዘኝ እፈልጋለሁ! እኛ የምንሄድበት የሰሜን ሚኒሶታው የባውንደሪ ዋተርስ ምድር አጭር ዳገት፣ አጭር ቁልቁለት፣ ከዚያ ረግረግ፣ ከዚያ ሐይቅ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በየጉብታው ጓንት እያወለቁ መለጠፍና መንቀል ጣት ያደነዝዛል። ጥቅጥቅ ባለ ጥድ መካከል መፍጠንም ከግንድ ጋር ያጋጫል። ዘንግም አንድ ረዥም ይበቃል፤ አዳኞቹ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ተጭነውት ፍሬን ያደርጉታል። ሁለት ቀጭን ዘንግ ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚታገል ሰው ሳይ አዝናለሁ።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ በእግሬ ስሄድ ያደግሁ። እዚህ መጥቼ ከብርዱ ይልቅ የመረረኝ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ እየተባለ መኖሩ ነበር። የጎረቤቶቼን ስኪ አይቼ ፍጥነቱን ፈርቼ ተውኩት። ይኼኛው ግን መራመድ ለሚችል ሰው የተሠራ ነው። አሁን የማታ ፈረቃ በሌለኝ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እንወጣለን። እሷ ከፊት መንገድ ትከፍታለች፣ ሲደክማት እኔ እተካለሁ። ዝግታው ትንፋሽ ስለሚያስተርፍ፣ ሳምንቱን ሙሉ በፈረቃ ስንተላለፍ ያልተነጋገርነውን እዚያ እናወራዋለን፤ ልጆቻችንን፣ እናቷን፣ አገር ቤት የጀመርነውን ቤት። ትዳራችን ውስጥ ረዥሙ ጨዋታ የሚካሄደው በረዶ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ግግር በረዶና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ባለ ጥርሱ ስኖውሹ ይበልጣል፤ ይህን እቀበላለሁ። ለቀረው ሁሉ፣ ልጄ፣ አጭሩን ያዝ። ለሁሉም ጫማ የሚሆነውን ማሰሪያ ከመረጥክ ያለህ የብርድ ቦት ይበቃሃል። ሐይቅ ላይ ከመውጣትህ በፊት ግን የጠራው ግግር በረዶ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር መሙላቱን በስተው ለክተው ከሚያውቁ ጋር ሂድ፤ ካልሞላ በየብሱ ዳር ዳሩን ዙር።