ምስክሮቹ የያዙት አሮጌውን ነው

የ2016 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽን ምሽት ታስታውሱ ይሆናል። በእኛ ቤት ቄጤማው ገና ከወለሉ አልተነሣም፤ እናቴ ሁለተኛውን ቡና ልትቀዳ ነው፤ እኔ ሶፋው ጥግ ተቀምጬ 2 ሰዓት እስኪሞላ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። አፕል አይፎን 15ን ያስተዋወቀበት «ዎንደርለስት» የተሰኘው ዝግጅት በካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲጀምር እኛ ዘንድ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ምሽት ነበር። ቦሌ፣ ገርጂና ሰሚት ካላችሁት ብዙዎቻችሁ በየቤታችሁ አብራችሁኝ እንደነበራችሁ አውቃለሁ፤ በዚያ ሳምንት የወጣቶች ፕሮግራም በር ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም።

የምጽፍላችሁ ስለ ስልኩ አይደለም፤ ስለዚያ ፊልም ነው። አዎ፣ ፊልም ነው፤ ቀድሞ ተቀርጾና ተቀናብሮ የሚለቀቅ። በዚህ መጽሔት ግጥምና ልብ ወለድ እንሄሳለን፤ ከግጥሙ ሁሉ ይልቅ ብዙዎቻችን በጉጉት ጠብቀን ያየነውን ድርሰት ግን ዝም ብለን እናልፋለን።

ፊልሙ የሚከፈተው በምስክርነት ነው። ሰዎች ልደታቸውን ያከብራሉ፤ ቤተሰብ ይሰበሰባል። እነዚህ ሰዎች በእጅ ሰዓታቸው ወይም በስልካቸው ምክንያት ከሞት ተርፈው ሌላ ልደት ለማየት የበቁ መሆናቸውን የምንረዳው ቆይተን ነው። እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጥቶ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ የሆነለትን ይናገራል፣ ጉባኤው ልቡ ይከፈታል፣ ከዚያ ስብከቱ ይከተላል።

ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እነዚህን ሰዎች የረዳቸው የትኛው ዕቃ ነው? አዲሱ ሊሆን አይችልም፤ ገና ለገበያ አልወጣም። የተመሰከረለት ያ ሰዎቹ በእጃቸው የነበረው፣ በዚያው ምሽት «ያለፈው ዓመት» የሚባለው ነው። ምስክርነቱን በጥሞና ከሰማነው የሚለን «የያዛችሁት ይበቃል» ነው። ስብከቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። የፊልሙ ብልሃት በሁለቱ መካከል ያለውን ስንጥቅ በሙዚቃ መሸፈኑ ላይ ነው።

መሐል ላይ ደግሞ ተዋናይቷ ኦክታቪያ ስፔንሰር «እናት ተፈጥሮ» ሆና ትመጣለች። የኩባንያው ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተጨንቀው ይጠብቋታል፤ ቲም ኩክም አለ። በ2030 እ.ኤ.አ. ስለሚፈጽሙት የአካባቢ ጥበቃ ቃል ትመረምራቸዋለች፤ እነሱም ያልፋሉ። ያስቃል፤ ትወናዋም ጥሩ ነው። ነገር ግን ተከሳሹ የዳኛውን ጥያቄ የጻፈበት ችሎት መሆኑን አትርሱ። «ስልካችሁን አንድ ዓመት ጨምራችሁ ብትይዙትስ?» የሚል ጥያቄ ከአፏ አይወጣም።

የቻርጀሩንም ነገር እዩ። ታይፕ ሲ በመጨረሻ ሲገባ የቀረበው እንደ ስጦታ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት መሰኪያ ያስገደደበትን ሕግ ከፊልሙ አትሰሙትም። (በአዳራሻችን «የአይፎን ቻርጀር ያለው?» እያሉ ከወንበር ወንበር መዞር የቀነሰው ግን በዚህ ምክንያት መሆኑን አልክድም።) ባለ ታይታኒየሙም እንዲሁ። አሮጌው መጥፎ ነው ብሎ የሚናገር የለም፤ አዲሱ ቀላል ነው ማለት ብቻ በቂ ነው። አምና የተወደሰው ብረት ኪሳችሁ ውስጥ ወዲያው ይከብዳል።

ከመድረክ ለዚህ የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ስልክ ጣዖት ሆነ» የሚል ነው። አይከፋም፤ ተናጋሪው ጥቅሱን የሚያነብበት ስልክ የአዳራሹ ሁሉ ውድ ካልሆነ።

ከዚህ የተሻለ ሂስ የሰማሁት ከመገናኛ ስልክ ሻጮች ነው። ስልኩን ተቀብለው ያገላብጡታል። ባትሪ ሄልዙ ስንት ነው? ስክሪኑ ተቀይሯል? ፌስ አይዲው ይሠራል? ተከፍቶ ያውቃል? እዚያ ምንም ሙዚቃ የለም። አብዛኞቻችን የምንገዛው «ስላይትሊ» የሚሉትን ነው፤ ከእንግሊዝኛው ሐረግ «በትንሹ» የሚለው ቀርቶ «ያገለገለ» የሚለው መንገድ ላይ ወድቋል። ቃሉ ራሱ ትንሽ አፍሯል መሰለኝ።

ከማስተምራቸው አንዱ ያንን ፊልም ካየ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እቁብ ገባ። አሳቡ አይፎን 15 ነው። ምሳውን እየቀነሰ ዓመቱን ሙሉ ጣለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእሱ እጣ የወጣው ነሐሴ ላይ ነው። ብሩ ያው ነው፤ ስልኩ ግን ሸሽቷል።

ጳጉሜ 4 ቀን ደግሞ አይፎን 16 ተዋወቀ። በሳምንቱ ሳገኘው ያዘነ መስሎኝ ላጽናናው ጀመርኩ። «ተዉት ቲቸር» አለኝ፤ «15 እኮ አረጀ።»

አንድ ቀን በእጁ ያልያዘው ስልክ ነው ያረጀበት። የምመልስለት አጣሁ። ከዚያ «አዲሱን አዩት? እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አይቼው ስለነበር ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጌ፣ የካሜራውን አዲስ ቁልፍ ሳይቀር፣ በጉጉት ነገርኩት። ስጨርስ ነው ራሴን የሰማሁት።

በእቁቡ ገንዘብ ስላይትሊ 12 ገዛ፤ ባትሪው 86። ፊቱ የተሰነጠቀውን ቴክኖውን ጎሮ ለምትኖር ታናሽ እህቱ ሰጣት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ለጓደኞቿ ስታሳይ አጠገባቸው ነበርኩ። «አዩልኝ፣ አዲስ ስልክ አለኝ» ትላለች።