በገራሲም ትከሻ ላይ

ልብ ወለድ ውስጥ ሰው መግደል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሞቱን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ብዙዎቻችን ሰውየውን አልጋ ላይ አጋድመን፣ ዘመድ አዝማዱን ዙሪያውን ሰብስበን ረጅም ኑዛዜ እናስነግረዋለን። ሕይወት ምን እንደነበረች አንድ ገጽ ሙሉ ይተነትንና ዓይኑን ይከድናል። አንባቢ ግን አያምነንም። እኔ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ስደርስ የምመለሰው ሌቭ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ወዳሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነው።

ታሪኩ ሲጀምር ዳኛው ኢቫን ኢሊች ሞቷል። ባልደረቦቹ መርዶውን ከጋዜጣ ላይ አንብበው መጀመሪያ የሚያስቡት ማን በቦታው እንደሚሾም ነው። አንዱ፣ ፒዮትር ኢቫኖቪች፣ ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል። የተቀመጠበት ዝቅተኛ መቀመጫ ስፕሪንጉ ተበላሽቷል። የሟች ሚስት ጥቁር ዳንቴል የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይያዝባታል፤ ሊያላቅቅላት ብድግ ሲል መቀመጫው ከታች ይገፋዋል። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ እግረ መንገዷንም ከመንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ የምታገኝበትን መንገድ ትጠይቀዋለች። እንዲህ በመጀመሩ «ይሞት ይሆን?» የሚለው ጉጉት ከመንገዱ ተነሣ። የቀረው «እንዴት?» ብቻ ነው።

ኢቫን ኢሊች መጋረጃ ሊያሰቅል መሰላል ላይ ወጥቶ ይንሸራተትና ጎኑን ይመታል፤ ሕመሙ ከዚያ ይጀምራል። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን ተማሪ ሳለ ከሎጂክ መጽሐፍ ተምሯል። መጽሐፉ በምሳሌነት ያነሣው ካይዩስ ቢሞት ይገባዋል፤ የራሱ ሞት ግን አይገባውም። እዚህ ላይ ቶልስቶይ ለእኛ ለጸሐፊዎች ትልቅ ነገር አሳይቷል፦ ዕውቀት ብቻውን ማንንም ከሞት ጋር አያስታርቅም። ሚስቱም ሐኪሞቹም ሕመም እንጂ ሞት እንዳልሆነ ያስመስላሉ፤ ከሥቃዩ በላይ የሚያንገበግበው ይህ ውሸት ነው።

ከዚህ ውሸት የሚያሳርፈው ገራሲም የተባለው የገጠር ልጅ፣ የቤቱ አሽከር ነው። የኢቫን ኢሊችን እዳሪ ሳይጸየፍ ያወጣል፣ እግሮቹን ትከሻው ላይ አድርጎ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። ስለ ሞት ሲያነሣም ሁሉም የሚደርስበት ነገር መሆኑን እንደ ዘበት ተናግሮ ያልፋል። እኔ ብሆን ለገራሲም ጥበበኛ ንግግር እጽፍለት ነበር ብዬ ሳስብ እፈራለሁ።

መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ዓመታት በአንድ ምዕራፍ ያልፋሉ፤ ወደ መጨረሻው ምዕራፎቹ ያጥራሉ፣ ጊዜው ወደ ሰዓታት ይጠብባል። ለሦስት ቀን የጮኸው ሰው እጁ ትንሹ ልጁ ራስ ላይ ያርፋል፤ ልጁ እጁን ስሞ ያለቅሳል። አባትየው ይቅርታ ሊጠይቅ ይሞክራል፣ አፉ ግን ሌላ ቃል ያወጣል፤ ሊያርመውም አቅም የለውም። ኑዛዜው ሳይሳካ ቀረ፤ እኔን ያሳመነኝም ይኸው ነው። ቀጥሎ ኢቫን ኢሊች ከሚያየው ብርሃን ይልቅ የልጁን ከንፈር አምናለሁ።

ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1895 «ጌታና ሎሌ» ላይ ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሷል። ነጋዴው ብሬኹኖቭ በረዶ ውስጥ ሊሞት የደረሰውን ሎሌውን ኒኪታን ሊያሞቀው የፀጉር ካፖርቱን ከፍቶ ይተኛበታል። ሥራውን የሚጀምረው ጥሩ ግዢ ሲዋዋል በለመደው ቆራጥነት ነው። ቶልስቶይ መልካም እንዲሆን ብሎ ሌላ ሰው አላደረገውም፤ ነጋዴ እንደሆነ ሞተ፣ ኒኪታም ተረፈ።