ያልተፈታው ፎጣ

ይግባኝ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ቢሮዬ እንደተቀመጠ የሚጀምረው ከጠቡ ነው። እኔ የምጠይቀው የመዝገቡን ግልባጭ ነው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ጠቡ ሲነሳ አልነበረም፤ ምስክሩ ሲያመነታም አላየም። በእጁ ያለው መዝገብ ብቻ ነው።

ጀማሪ ጠበቆች አንድ የነፍስ ግድያ ይግባኝ ምረጥልን ሲሉኝ የናናቫቲን እሰጣቸዋለሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ድንጋጌዎቹ በማላያ በኩል ከሕንድ ሕግ የመጡ ስለሆኑ፣ የዚያ አገር ፍርድ ለእኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም።

የባሕር ኃይል መኮንኑ ካዋስ ናናቫቲ እ.ኤ.አ. አፕሪል 27 ቀን 1959 ቦምቤይ ውስጥ የሚስቱን ውሽማ ፕሬም አሁጃን ተኩሶ ገደለ። ጁሪው 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ነጻ አለው። ችሎቱን የመሩት ዳኛ ግን ይህን ፍርድ አልተቀበሉም፤ መዝገቡን ለቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሩት፤ እዚያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ይግባኙን የሰሙት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሱባ ራዎና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

መከላከያው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሽጉጡን ለመቀማማት ስንታገል ሳላስበው ተተኮሰ የሚል። ሁለተኛው፣ ይህ ባይታመንልኝ እንኳ በድንገተኛ ቁጣ ራሴን ስቼ ነበር የሚል። በአማራጭ መከራከር የተለመደ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ ቤት የማያድሩ ጣውንቶች ናቸው። ሳላስበው ተተኮሰ ያለ ሰው ተቆጥቼ ተኮስኩ ሲል ማን ያምነዋል?

ደግሞ ፎጣው አለ። አሁጃ ገላውን ታጥቦ ፎጣ ብቻ አገልድሞ ነበር፤ ሬሳው ሲገኝ ፎጣው ከወገቡ አልተፈታም። ሁለት ወንዶች ለሽጉጥ ተናንቀው፣ አንዱ በሦስት ጥይት ተመቶ ሲወድቅ፣ ያገለደመው ፎጣ እንዴት በቦታው ይቀራል? ፎጣ በመስቀለኛ ጥያቄ አይናወጥም። እኔ መዝገብ ሳነብ የምስክሮችን ቃል ከማየቴ በፊት እንዲህ ያለውን ነገር ለብቻው አወጣለሁ፤ የምጽፈው ክርክር ከእሱ ጋር ካልተስማማ ሌላ ክርክር እፈልጋለሁ።

ቁጣውም ቢሆን ሰዓት ጣለው። ናናቫቲ ሚስቱ ከአሁጃ ጋር ያላትን ግንኙነት ከነገረችው በኋላ እሷንና ልጆቹን ሲኒማ ቤት አደረሰ፤ ወደ መርከቡ ሄዶ ሌላ ምክንያት ሰጥቶ ሽጉጥና ስድስት ጥይት ወሰደ፤ አሁጃን ቢሮው ፈልጎ አጣው፤ ከዚያ ወደ አሁጃ ቤት ሄደ። ናናቫቲ ከራሱ ቤት ከወጣበት ከቀኑ 7:30 እስከ ግድያው 10:20 ሦስት ሰዓት ያህል አለፈ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቁጣው ሊበርድ ይችል ነበር አለ። መለኪያው ናናቫቲ ራሱ ሳይሆን የእሱን ዓይነት ኑሮ የሚኖር ምክንያታዊ ሰው ነው።

ከዚህ ፍርድ እኔ በተደጋጋሚ የምመለስበት ግን ስለ ማስረዳት ሸክም የተጻፈው ክፍል ነው። ድንገተኛ አደጋ ነው የሚል ተከሳሽ ያንን የማስረዳት ሸክም አለበት፤ የሥር ዳኛው ይህን ለጁሪው አለመናገራቸው እንደ ስሕተት ተቆጥሯል። ሆኖም ያቀረበው ማስረጃ አደጋ መሆኑን ለማረጋገጥ ባይበቃም፣ ሆን ብሎ ገደለ በሚለው ላይ ጥርጣሬ ሊፈጥር ይችላል፤ ጥርጣሬው ከተፈጠረ ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም ማለት ነው። ብዙ ጠበቃ የመጀመሪያውን ሸክም መወጣት ሲያቅተው ሁለተኛውን በር ሳያንኳኳ ይመለሳል።

ጠበቃው እኔ ብሆን አደጋውን ትቼ በቁጣው ላይ ብቻ እቆም ነበር? እጄ ያጥራል። ሽጉጡ በትግል መሀል ተተኮሰ ያለው ተከሳሹ ራሱ ነው፤ ቃሉም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይግባኝ ጸሐፊ የሚረከበው የሥር ጠበቃ የመረጠውን መስመር ነው፤ አዲስ ታሪክ ይዞ ቢመጣ ከደንበኛው ቃል ጋር ይጋጫል። ይግባኙ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1961 ውድቅ ሆነ። ናናቫቲን ነጻ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 የማሃራሽትራ ገዥ ቪጃያላክሽሚ ፓንዲት የሰጡት ይቅርታ ነው።