አሻግሩኝ

ወር በገባ በሰባተኛው ቀን አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል ደጅ የቆመ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይውልም፦ «አሻግሩኝ!» ባዩ የሚለምነው ምጽዋት አይደለም፤ የመንገዱን ማዶ ነው። ከቅዳሴ የወጣው ምእመንም ለዚህ አይሰንፍም። አንዱ እጁን፣ ሌላው የነጠላውን ጫፍ ይይዝና እየጎተተ ያሻግረዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል፤ ሁሉም ወደየመንገዱ ይሄዳል።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ዓይነ ስውራን በነጭ በትር ብቻቸውን እንዲንቀሳቀሱ አሠለጥናለሁ። በወረቀት ላይ ስሙ «ኦሬንቴሽንና ሞቢሊቲ» ነው፤ ተማሪዎቼ ግን «የኬን (የበትር) ትምህርት» ይሉታል። ከሁሉ የሚከብደው መንገድ መሻገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ አስተምረዋለሁ። ቦታውም ብዙ ጊዜ ከሥላሴ አራት ኪሎ፣ ከዚያም በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ይህን መንገድ የምወደው ምልክት ስለሞላው ነው። የካቴድራሉ ደወል አለ። በበዓል ቀን የጧፍና የዕጣን ሽታ አለ። ራቅ ሲሉ ደግሞ የታክሲ ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲሉ ይሰማል። ለብዙ ሰው ይህ ሁካታ ነው፤ በትር የያዘ ሰው ግን አቅጣጫውን የሚይዘው በዚሁ ነው።

በትሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከደረት ይደርሳል። ግራ እግር ወደፊት ሲራመድ የበትሩ ጫፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቀኝ ሲራመድ ወደ ግራ። ጫፉ ሁልጊዜ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይፈትሻል ማለት ነው። ዘዴውን ያወጣው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ሲያሠለጥን ነው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን በትሩ ያርፍና ጆሮ ይረከባል። በጎን የሚሄደውን የመኪና ድምፅ ተከትሎ ትከሻን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ መነሻ ላይ ትንሽ የተጣመመ ሰው ማዶ ሲደርስ ከዜብራው ብዙ ርቆ ይገኛል። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ አደጋው እስከ መንገዱ አጋማሽ ከግራ፣ ከዚያ በኋላ ከቀኝ ነው። ክረምት ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል። ዝናቡ በጃንጥላና በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሌላውን ድምፅ ይውጠዋል፣ ጎርፉም ጠርዙን ይሸፍነዋል።

ለብዙ ዓመታት ጆሮ ይበቃል ብዬ አስተምር ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት የስድስት ኪሎ ተማሪ ይዤ ጠርዙ ላይ ቆምን።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አልኳት።

«በግራ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሞተሩ እየሠራ ነው። አውቶቡስ አልፎ ሄደ። ከኋላው ምንም የለም።» ትንሽ ቆየችና «አሁን!» ብላ በትሯን ወደፊት ዘረጋች።

ትከሻዋን ያዝኩ። ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና በቆመው ሚኒባስ ጎን ቀስ ብሎ ወጥቶ ከበትሯ ጫፍ ፊት አለፈ። እሷ የሰማችው የነፋሱን ሽውታ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። የተሳሳተችው ነገር የለም፤ ያስተማርኳትን አንድ በአንድ አድርጋለች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ድምፅ አልባው መኪና በዝቷል። ለከተማው አየር ደግ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን መኪናው ፈጠን ሲል ጎማው ራሱ ይሰማል፤ ድምፁ የሚጠፋው በዝግታ ሲሄድ፣ ማለትም ዜብራ አጠገብ ሲደርስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድዷል። የእኛም አስመጪዎች መኪና ሲመርጡ ይህን ይጠይቁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮ ይበቃል ማለቴን ተውኩ። ጆሮ ብቻውን የማይበቃ ከሆነ መንገዱ ራሱ መናገር አለበት፤ ለእግርም፣ ለጆሮም፣ ለእጅም።

ለእግር የሚናገረውን ንጣፍ የፈጠረው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሠርቶት በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ መጀመሪያ ተነጠፈ። ቋንቋው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ረጃጅም መሥመር ያለው «ቀጥል» ይላል፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው «ቁም፣ አስተውል» ይላል። ጉብታው በተለይ የሚያስፈልገው ለተሽከርካሪ ወንበር ተብሎ ጠርዙ ዝቅ በሚልበት ቦታ ነው። ያ ዝቅታ ለአንዱ በር ሲሆን ለሌላው ገደል ይሆናል፤ ዓይነ ስውሩ የእግረኛው መንገድ አልቆ አስፋልት መጀመሩን በምን ያውቃል? በጫማው ሥር ጉብ ጉብ ሲል ነው።

በከተማው የኮሪደር ልማት በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ይህ ንጣፍ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ በእግራቸው ሲያገኙት ቆመው ደጋግመው ይረግጡታል። ይሁን እንጂ ንጣፉ የሚያገለግለው እውነቱን ከተናገረ ብቻ ነው። አንድ ቦታ መሥመሩን ተከትለን ስንሄድ ሞተር ሳይክል ቆሞበት አገኘን። ሌላ ቦታ ደግሞ መሥመሩ ወደ ዜብራው ሳይሆን አግድም ወደ አደባባዩ መሐል ያመለክት ነበር። የሚያይ ሰው ለዚህ ደንታ የለውም። አብራኝ የነበረችው ተማሪ ግን የታዘዘችውን አምና ብትሄድ ኖሮ መኪና መሐል ትገባ ነበር። የንጣፍ ሥራ ሲያልቅ መረከብ ያለበት ዓይኑን አስሮ በትር ይዞ የሚሄድበት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይልቁንም ዓይነ ስውሩ ራሱ።

ለጆሮና ለእጅ የሚናገር የትራፊክ መብራት በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። ጃፓን ውስጥ እግረኛው በወፍ ድምፅ ይሻገራል። እንግሊዝ አገር በመብራቱ ቁልፍ ሳጥን ሥር ትንሽ ሾጣጣ ብረት አለች፤ አረንጓዴ ሲበራ በጣት ሥር ትዞራለች፣ የማይሰማም የማያይም ሰው ይሻገርባታል። አደባባይ ግን ሌላ ጣጣ ነው። መብራት የሌለበት አደባባይ ላይ መኪናው ስለማያቋርጥ ዓይነ ስውሩ የሚጠብቀው ጸጥታ አይመጣም፤ ስለዚህ መሻገሪያው ከአደባባዩ ራቅ ማለት አለበት።

ሕጉ አለን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድንም በስም ይጠራል። ስለዚህ የምንጠይቀው ውለታ አይደለም።

ንጣፉ እስኪቃና፣ መብራቱም እስኪናገር ድረስ «አሻግሩኝ» የሚለው ድምፅ ሥላሴ ደጅ መሰማቱ አይቀርም። ስትሰሙት እባካችሁ ሰውየውን አትጎትቱ፣ በትሩንም አትያዙበት። መጀመሪያ «ልሻገር ነው፣ አብረን እንሂድ?» በሉ። ከዚያ ክርናችሁን ስጡት፤ እሱ ይያዛችሁ፣ ግማሽ እርምጃ ቅደሙት። ጠርዙ ላይ ስትደርሱ «መውረጃ» ወይም «መውጫ» ብላችሁ ንገሩት። ሾፌሮች ሆይ፣ ነጭ በትር ስታዩ ጥሩምባ አትንፉ፤ ማንን እንደምትሉ አያውቅምና ይደነግጣል። ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ማዶ እስኪደርስም አትነሡ።