ጫማው ወይስ ወለሉ?

ጎጆ ያለችው እህቴ በቀደም አንድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ክረምቱን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ታሳልፋለች፤ ባሌት መማርም አምሯታል። «አንተ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ደህናውን ቤት ምረጥላት» አለችኝ።

እሺ ብዬ አንዱን አየሁ። ግድግዳው በፎቶግራፍ አጊጧል፤ ነጫጭ ቀሚሶች ተሰቅለዋል። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ነው። የስምንት ዓመት ሕፃናት በጣት ጫፍ ጫማ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ። ለነገሩ እኛም የዳንስ ትምህርት ቤትን የምንመዝነው በዓመት መዝጊያ ትርዒቱ ነው።

ባሌት በጣሊያን ቤተ መንግሥቶች ተጸንሶ በፈረንሳይ ሥርዓት የያዘ ጥበብ ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የዳንስ አካዳሚ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1661 ነበር። ሥርዓቱ የሚያርፈው ግን አጥንት ላይ ነው። እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ እንጂ ከጉልበት አይደለም፤ ይህን የማያርም መምህር ጉልበት ያበላሻል። የጣት ጫፍ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት አይጫሙትም፤ ያውም ከዓመታት ልምምድ በኋላ። ወለሉም ዝላይን የሚያለዝብ፣ ከሥሩ ክፍተት ያለው ጣውላ ሊሆን ይገባል። ለጎልማሳ ጀማሪም ሕጉ ያው ነው።

«ይህ የፈረንጅ አገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። አዱኛን ረስቷል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን አዘጋጀ። ከዚያ ሥራ የአዱኛ የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ልጆቹም ለዓመታት ሠለጠኑ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር እንዲሠራ ተመረጠ። የተማሩት ዘመናዊ ዳንስ እንጂ ባሌት አይደለም። ሆኖም የማልዱም ትምህርት የሚጀምረው በጸጥታና በትኩረት መሆኑን በበርሊን ልጆች ላይ የተሠራው የ2004 ዘጋቢ ፊልም «ሪዝም ኢዝ ኢት» በግልጽ ያሳያል። ቀሚስ ኋላ ይደርሳል።

ለእህቴ እንዲህ ስል መለስኩላት፦ «ከመክፈልሽ በፊት ገብተሽ አንድ ሙሉ ሰዓት ተቀመጪ። መምህሩ ስንት ጊዜ ልጅ እንዳረመ ቁጠሪ፤ ጫማሽን አውልቀሽ ወለሉን ርገጪው። አላስገባም ካሉሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ። ደህና ቤት ከጠፋም ልጅቷ ጎጆ ትመለስ፤ ሠርግ ላይ ረገዳ ስትጨፍር ቢያንስ ከእግሯ በታች ያለው ሣር ነው።»