ከበረዶው ሥር ያለው ማሳ

የአርክቲክ የባሕር በረዶ ከላይ ሲያዩት ነጭ ምድረ በዳ ነው። ገልብጦ ላየው ግን ሆዱ ቡናማ ነው። ያ ቀለም አልጌ ነው፤ በአብዛኛው ዲያተም የሚባለው፣ ቅርፊቱን ብርጭቆ ከሚመስል ሲሊካ የሚሠራው ዓይነት።

የባሕር ውሃ በረዶ ሲሆን ጨው አብሮት አይረጋም፤ እየተገፋ ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ይጠራቀማል። አልጌው ቤቱን የሠራው እዚያ ነው፤ ከባሕሩ ይልቅ ጨዋማ በሆነ፣ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ውሃ። ናይትሬቱና ሲሊኬቱ ከታች ካለው ባሕር ስለሚመጣለት፣ አብዛኛው የሚሰፍረው በበረዶው ግርጌ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ ነው። የባሕሩ ሞገድና ጅረት ውሃውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ማዕዱ ይታደሳል። በላዩ አመዳይ ተከምሮበት፣ ከፀሐይ ብርሃን መቶኛው እጅ እንኳ ሳይደርሰው በፀደይ ማደግ ይጀምራል። በዚያች ጭላንጭል መኖሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል!

ከእነዚህ አልጌዎች ሁሉ የምወደው ሜሎሲራ አርክቲካን ነው። ከበረዶው ሥር እንደ ሹሩባ ተንጠልጥሎ ያድጋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ይሰምጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ መርከብ ፖላርሽተርን የተጓዙ ተመራማሪዎች ክምሩን ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ በባሕሩ ወለል ላይ አገኙት። የወለሉ እንስሳትም እየተመገቡት ነበር።