ስም ያለው ጥሩር፣ ስም ያጣ ማረሻ

በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከሚላኖ የመጣ አንድ ራስ ቁር አለ። የራስ ቅሉን የሚሸፍነው ክፍል ከአንድ ወጥ የብረት ሰሌዳ ተቀጥቅጦ የወጣ ነው። አናቱ ላይ በጀርባዋ የተንጋለለች፣ ግማሽ አካሏ የባሕር ፍጡር የሆነ ሴት የሜዱሳን ራስ ይዛለች። በግራና በቀኝ የቅጠል ሐረግ ይዞራል፤ በሐረጉ መካከል ሕፃናት ይታያሉ። ይህ ሁሉ ከዚያው ሰሌዳ በመዶሻ እየተገፋ የወጣ ነው። ግንባሩ ላይ የሠሪው የፊሊፖ ኔግሮሊ ስምና 1543 የሚለው ዓመት በወርቅ ተጽፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዐፄ ገላውዴዎስ በሕይወት ከተረፉት የፖርቱጋል ወታደሮች ጋር ሆነው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ። የድል አድራጊዎቹም ሆነ የወደቁት አለቆች ስም ተጽፎ ደርሶናል። ጦሩን የሞረደው፣ ጎራዴውን ያበጀው ባለ እጅ ግን በታሪካችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። መከራከሪያዬ ከዚህ ይነሣል። ዛሬ በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ዙሪያ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጥሩር አሠራር ከሞት የሚያስነሡት ባለሙያዎች ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ አልተረከቡም። ያስቻላቸው ሠሪው በስሙ መከበሩና ሥራው መጠበቁ ነው። የእኛ ብረት ቀጥቃጭ ደግሞ ሰንሰለቱን ሳይበጥስ እዚህ ደርሶ፣ ስሙን ስለነፈግነው ብቻ ዓይናችን እያየ ሊያመልጠን ነው።

በመጀመሪያ በዋሽንግተን አካባቢ ለጥሩር ያለውን ፍላጎት ምንጭ እንይ። ሜሪላንድ በ1962 የፈረሰኞች የጦር ግጥሚያን የግዛቱ ይፋዊ ስፖርት አድርጋለች፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው ፈረሰኛው እየጋለበ የተንጠለጠለ ቀለበት በጦር የሚወጋበት ጨዋታ ነው። ጉግስ ያየ ሰው የዚህን ጨዋታ መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም። በ1977 የተጀመረውና ዛሬ አናፖሊስ አጠገብ ክራውንስቪል ላይ የሚካሄደው የሜሪላንድ ሬናይሳንስ ፌስቲቫል በየዓመቱ ጥሩር የለበሱ ጋላቢዎችን ያጋጥማል። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሰሜን ጥቂት እንዳሉ አርሊንግተን ውስጥ ጋልፍ ብራንች በተባለው የተፈጥሮ ማዕከል የፖቶማክ ብረት ቀጥቃጮች ማኅበር ምድጃ ያነዳል። ከሁሉ በላይ ግን ሊጠቀስ የሚገባው በ2009 በዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ የታየው ዐውደ ርእይ ነው። ከማድሪዱ የነገሥታት የጦር ዕቃ ቤት የመጡት ጥሩሮች የነገሥታቱን ምስል ከያዙ የቀለም ቅብ ሥዕሎች ጎን ቆሙ። ይህ አቀማመጥ በራሱ ፍርድ ነው። ንጉሡን በሸራ ላይ ያሰፈረው ሠዓሊና ንጉሡን በብረት ያለበሰው ባለ እጅ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ማዕረግ ቀረቡ። ቲሲያን በ1548 ካርሎስ 5ኛን በፈረስ ላይ ሲሥል ንጉሡ የለበሰው የኦግስቡርጉ የዴዚዴሪዩስ ሄልምሽሚድ ሥራ መሆኑን ዛሬ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ጠመንጃ ሲበረታ ይህ ሙያ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እየከሰመ ሄደ። ስለዚህ የዛሬው ሠሪ ዋና አስተማሪው ዕቃው ራሱ ነው። ጥሩሩን ገልብጦ ውስጡን ያያል። ውጩ ተሞርዶና ተወልውሎ ቢያብለጨልጭም ውስጡ እንደ ጠቆረ ቀርቷል፤ የመዶሻው ምት አሻራ ረድፍ በረድፍ ይታይበታል። ራስ ቁር ለመሥራት ሰሌዳው በፍም ይግላል፣ በቆመ ብረት ላይ ይደገፋል፣ ከውጭ በኩል እየተዞረ በመዶሻ ይመታል። ብረቱ ሲመታ ይደድራል፤ እንዳይሰነጠቅ ተመልሶ እሳት ይገባል፤ እንደገና ይመታል። በእያንዳንዱ ዙር ጠርዙ እየጠበበ መሐሉ ይጎደጉዳል። ጥሩ ሠሪ ብረቱን ወደሚፈልገው ቦታ ይሰበስበዋል፦ የደረት ጥሩር መሐሉ ወፍራም፣ ጎኑ ስስ ነው፤ ጦር የሚያርፍበትና ጦር የማይደርስበት ቦታ እኩል አይከብድም። ሙሉ የጦር ሜዳ ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ ሰው የሚሮጥበትና ፈረስ ላይ የሚወጣበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሣኤውን በጥያቄ ማየት ይገባል። ብዙ የዛሬ ሠሪዎች ከፋብሪካ የወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል የሆነ ላሜራ ይገዛሉ። ቅርጹ ይመጣል፤ የውፍረቱ ጥበብ ግን ይቀራል። ሌላም አለ። አለን ዊሊያምስ በ2003 ባሳተመው ጥናት የጥሩሮችን ብረት በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ የኢንስብሩክና የግሪኒች ሠሪዎች ብረቱን በእሳትና በማቀዝቀዝ እንዳጠነከሩት፣ የጣሊያን ሠሪዎች ግን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ማጠንከሩን እየተዉ እንደመጡ አሳይቷል። በእሳት የሚለበጥ ወርቅ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያላላው ደንበኛው ከጥንካሬው ጌጡን መርጦ ነበር። ስለዚህ ዛሬ «ባህላዊ አሠራር» ሲባል የየትኛው ከተማ፣ የየትኛው ዘመን ባህል እንደሆነ ካልተለየ አባባሉ ትርጉም አይኖረውም። ሥራውን በቅንነት የያዙት ሠሪዎች ይህን ይለያሉ፤ መለየት የሚችሉትም የሠሪዎቹ ማኅተም በብረቱ ላይ ስለቀረ ነው። ማኅተሙ ሠሪውን፣ ሠሪው ከተማውን፣ ከተማው የአሠራሩን ልማድ ይመራል። በ1917 አሜሪካ ለወታደሮቿ የብረት ቆብ ስትሻ የሜትሮፖሊታኑ ባሽፎርድ ዲን ሙከራውን በሙዚየሙ የጥሩር መጠገኛ ክፍል ውስጥ ያደረገውም ይህ እውቀት ተሰብስቦ ስለነበር ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ የብረት ሥራ ጋር የተገናኘችው ገና በጠዋቱ ነው። በ1520 የገባው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጣው ገጸ በረከት መካከል ጎራዴ፣ ያማሩ የደረት ጥሩሮችና ራስ ቁር እንደነበሩ የቡድኑ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጽፏል። ንጉሡ በኋላ ለፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ ዕቃ ብቻ አልጠየቁም። ሰው ጠየቁ፤ ጎራዴና ልዩ ልዩ የጦር መሣሪያ የሚሠሩ፣ መጽሐፍ የሚያትሙ፣ ወርቅና ብር የሚያነጥሩ፣ ቤት የሚገነቡ ባለ ሙያዎች እንዲላኩላቸው። ከ300 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን መድፍ እንዲያፈሱ አስገደዱ፤ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል እስከ መቅደላ ተጎተተ። ሁለቱም ነገሥታት የእጅ ሥራን ዋጋ ያውቁ ነበር። የልብነ ድንግልን ጥያቄ ሳነብ የሚያሳዝነኝ፣ ባለ እጁ ከሩቅ ሀገር በደብዳቤ ሲለመን ጎረቤት ያለው ቀጥቃጭ በየመንደሩ መገፋቱ ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን ሙያ በዋናነት የያዙት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ጄምስ ኩዊሪን በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ርስቱን እያጣ ሲሄድ ወደ እጅ ሥራ እንደተገፋ ያስረዳል። መሬት የሌለው ሰው ብረት ያዘ፤ ብረት ስለያዘ ደግሞ ቡዳ ተባለ። ገበሬው በቀን ማረሻውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ በማታ ደግሞ ልጁ እንዳይታመምበት ከዚያው ሰው ዓይን ይሸሽጋል። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል፤ ዐዋጁ ቢወጣም ስድቡ አልቀረም። በሌላው የአፍሪካ ክፍል ነገሩ እንዲህ ብቻ አይደለም። በ2019 በዋሽንግተኑ የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም የታየው የአፍሪካ ቀጥቃጮች ዐውደ ርእይ፣ በብዙ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀጥቃጭ የሚፈራ ብቻ ሳይሆን የሚከበር፣ በሥርዓትም ፊት የሚቆም ሰው መሆኑን ለአዳራሹ ጎብኚ በግልጽ አሳይቷል።

የሙያው ረቂቅነት ከሚላኖው አያንስም። ቀጥቃጩ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራል። አጠገቡ ልጅ ወይም ረዳት ከፍየል ቆዳ የተሠሩ ሁለት ወናፎችን በየተራ ያነሣል፣ ይጫናል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላልና ነፋሱ አይቋረጥም። ነፋሱ በሸክላ አፍ በኩል ወደ ከሰሉ ይገባል። የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ብረቱ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ባሌስትራ ነው፤ ቀጥቃጩ ጠንካራ ብረት መሆኑን ያለ ላቦራቶሪ ያውቃል፣ የትኛው ለማረሻ፣ የትኛው ለማጭድ እንደሚሆን ይለያል። ማረሻው ጫፉ ጠንክሮ ጀርባው መቻል አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ከደደረ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል፣ ከለዘበ ደግሞ በአንድ ክረምት ያልቃል። ቀጥቃጩ ይህን የሚወስነው በፍሙ ቀለምና ውሃ ውስጥ በሚነክርበት ቅጽበት ነው። ዊሊያምስ በማይክሮስኮፕ የፈለገው እውቀት በሰውየው ዓይንና እጅ ውስጥ አለ። ግን ማረሻ እየተሳለ፣ እያጠረ፣ በመጨረሻም ተመልሶ እሳት ገብቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። በወርቅ የሚጻፍበት ግንባር የለውም፤ የሚያስቀምጠው ግምጃ ቤትም አልነበረም።

ከዚያ 1991 መጣ። በግንቦት ወር ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከዚያ ቀደም በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የወጡም ነበሩ። ለሄዱት ሰዎች ይህ የናፈቁት ጉዞ ነበርና በዚህ የሚያዝን የለም። ነገር ግን የጎንደር ገበሬ ለብዙ ዘመን ማረሻውን ያሳለበት እጅ አብሮ ሄደ፤ በአዲሱ ሀገር ደግሞ ለማረሻ ቀጥቃጭ የሚሆን ገበያ አልነበረም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ አውራጃ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እኅት ከተማ ነው። ይህን ግንኙነት እወደዋለሁ፤ ስለዚህም ብዙ እጠብቅበታለሁ። በፌንተን ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ ጀበናው፣ መሶቡ፣ ጥበቡ፣ ክራሩ አለ፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ በአማርኛ ይወጣል። ከሀገር ቤት ያላመጣነው ወናፉን ነው። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ወይም የእሳት ደንብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አርሊንግተን ውስጥ ምድጃ አይነድም ነበር። መሶብ የእናት ነው፣ ክራር የአዝማሪ ነው፣ ሁለቱም በናፍቆታችን ውስጥ ቦታ አላቸው። ቀጥቃጩን ግን ስንናፍቀው አልሰማሁም። በሀገር ደረጃም ያው ነው፦ ኢትዮጵያ የዩኔስኮን የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት በ2006 አጽድቃ እስከ 2023 ድረስ መስቀልን፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ የገዳን ሥርዓት፣ ጥምቀትንና የሐረሩን ሹዋሊድ አስመዝግባለች። አምስቱም ይገባቸዋል። ከአምስቱ ግን አንዱም የእጅ ሙያ አይደለም። አሜሪካ በበኩሏ የስምምነቱ አባል እንኳ ሳትሆን ለቀጥቃጮቿ ቦታ ሰጥታለች። የቻርለስተኑ ጥቁር አሜሪካዊ ቀጥቃጭ ፊሊፕ ሲመንስ በ1976 ዋሽንግተን በተካሄደው የስሚዝሶንያን ፌስቲቫል ላይ የኮከብና የዓሣ በር የተባለውን ሥራውን ሕዝብ እያየው ሠራ፤ በሩ ዛሬ በስሚዝሶንያን እጅ ነው፣ እሱም በ1982 የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ተቀብሏል።

ስም ዘግይቶም ቢሆን መመለስ ይቻላል። ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ በጆርጅ ዋሽንግተን ርስት፣ በማውንት ቨርነን፣ ተመልሶ የተሠራ የብረት ቀጥቃጭ ቤት አለ። ጎብኚው እሳቱን ብቻ አያይም፤ በባርነት ሆነው በዚያ ምድጃ የሠሩት ናትና ጆርጅ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እንደነበሩ ይነገረዋል። ስማቸው የተገኘው ከጌታቸው መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ሰውን እንደ ንብረት የሚቆጥር የግፍ ሰነድ ቢሆንም ተመራማሪዎቹ ከውስጡ ሰዎቹን አወጡ። እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ከፖቶማክ ዳር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቶርፔዶ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከ1974 ጀምሮ የባለ እጆች ቤት ሆኗል፤ ሠሪው በሩን ከፍቶ ይሠራል፣ አላፊው ቆሞ ይጠይቃል።

እኛ የጌታ መዝገብ መፈተሽ አያስፈልገንም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። በ1991 የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ቀጥቃጭ ዛሬ ከ60 አልፏል። በጎንደር ዙሪያም ሙያውን የቀጠሉ አሉ። የሞንትጎመሪና የጎንደር ግንኙነት ለአንድ ሥራ ቢውል ይህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ወናፉ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ሸክላው ከየት እንደሚቆፈር፣ ፍሙ የትኛውን ቀለም ሲይዝ ማረሻው እንደሚነከር በቪዲዮ መቅረጽ፤ ማረሻውን ከእሳት በፊትና በኋላ መለካት፤ የሠሪውን ስም ከነአባቱ፣ ያስተማረውን ሰው ስም ከነመንደሩ መመዝገብ፤ ፈቃዱን መጠየቅ፣ የድካሙንም መክፈል። አንዱ ቅጂ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ እስራኤል ላሉት ቤተሰቦች፣ ሌላው በሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የአርሊንግተኑ ማኅበር ምድጃም ጥቂት ማይሎች ብቻ ይርቃል፤ ባሌስትራ ደግሞ እዚህ ሀገር አይታጣም።